ሁለቱ ኤክሶች

ሁመይራ በቀይ እስክሪብቶ የኤዶም የፈተና ወረቀት ላይ ሁለተኛውን ኤክስ አደረገች። የኬሚስትሪ መምህርቷ ሚስ ካርተር መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ተማሪዎቹ ወረቀት ተለዋውጠው እንዲያርሙ አዘዋል። ሰሌዳው «አሉሚነም» ይላል፤ ኤዶም ሁለቱም ቦታ ላይ «አሉሚኒየም» ብላለች። አንድ ፊደል ትርፍ ነው፤ አለቀ።

ኤዶም ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። ወረቀቷን ተቀብላ ኤክሶቹን ትክ ብላ አየቻቸው።

«እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለች ቀስ ብላ።

«ሶ ለምን ለሚስ ካርተር አትነግሪያትም?» አለች ሁመይራ።

«እሳቸውን ላርማቸው? ኧረ በስመአብ!»

ሁመይራ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ግን ኦስቲን ከተማ ለውድድር ለሚሄደው የሳይንስ ቡድን የተመረጡት ስም በሩ ላይ ተለጠፈ። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱንም የወሰነው የዚያ ፈተና ውጤት ነው። ሁመይራ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ፣ ኤዶም አሥራ ስምንት። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የተመኘችው ቦታ የእሷ ሆነ።

አባቷ ሲራጁዲን መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲሰማ መሪውን በደስታ መታ። ዛሬ ኤርፖርት ሻትል ይንዳ እንጂ ደሴ እያለ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር።

«ማሻአላህ! ቆይ፣ ለሸምሱ ኮል ላድርግለት!»

ለጓደኛው ለሸምሱ ነገረው፤ ለእናቷም ነገራት። ስልኩን ሲዘጋ ሁመይራ ስለ ኤዶም መልስ ጠየቀችው።

«ልክ ናት እንጂ! እንግሊዞች እንደዚያ ነው የሚጽፉት፤ እኔም ስንት ዓመት እንደዚያው አስተምሬያለሁ። አሜሪካኖች አንድ ‹አይ› ቀነሱ እንጂ ብረቱ ያው ነው። ማነው ኤክስ ያደረገባት?»

«አንድ ልጅ» አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አፈረች። ተናደደችም፤ በኤዶም ዝምታ ይሁን በራሷ አላወቀችም። ኤዶም ማግኘት የነበረባት ሃያ ከሃያ ነበር!

በማግስቱ ጠዋት ኤዶምን ሎከሯ አጠገብ አገኘቻት።

«ያንን ወረቀት ይዘሽዋል?»

«አዎ፤ ምነው?»

«ስጪኝ። አንቺ አትናገሪም፣ ገብቶኛል። ኤክስ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።»

ኤዶም ግራ ገብቷት ወረቀቱን አወጣች። ሁመይራ አጥፋ ያዘችው። የሚስ ካርተር ክፍል በር ላይ ስሟ እንደተለጠፈ ነው፤ ቀና ብላ ሳታየው ገባች።