ማክሰኞ የተቀበረ ቀለህ

«አገኘሁ! ኧረ አገኘሁ!»

ሽማግሌው ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ የጥይት ቀለህ በሁለት ጣታቸው ወደ ፀሐይ አነሱ። ሌሎቹ እንግዶች አጨበጨቡ። ጉንዳን ግን ባልዲዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቀለሁን ታውቀዋለች። ማክሰኞ ከሰዓት፣ አንድ ስንዝር ቆፍራ በገዛ እጇ የቀበረችው እሷ ናት።

ጉንዳን ብሎ ስም ያወጣላት አጎቷ ነው፤ መሬት ስትጭር ስለምትውል። ከስልሳ ዓመት በፊት ሁለት ጦር የተፋጀበት ሜዳ ላይ የቆመውን ይህን አሮጌ የእርሻ ቤት የእንግዳ ማረፊያ አድርጎታል። ግድግዳው እውነት ነው፤ ጥይት የበሳው ድንጋይ ጣት ያስገባል። ውሸቱ ያለው ጓሮው ውስጥ ነው። አጎቷ ከአዳኞች ክበብ ባዶ ቀለህ በጆንያ ያመጣል፣ እንዲዝግ ሦስት ቀን በጨውና በኮምጣጤ ይዘፈዝፋል፣ እሷ ትቀብራለች፣ አፈሩ አዲስ እንዳይመስል ውሃ ታርከፈክፍበታለች። ለማደር የመጣ እንግዳ ሁሉ «ታሪክ በእጅዎ ይቆፍሩ» ተብሎ መኮትኮቻ ይሰጠዋል።

እስከ ዛሬ እየሳቀች ነበር የምትቀብረው። የከተማ ልጆች ዝገት አግኝተው ሲጨፍሩ ማየት ያስቃል። እኚህ ሰው ግን አልጨፈሩም። ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። ቀለሁን በመሀረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ወንድሜ እዚህ ነው የቀረው» አሏት። «እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። እናቴ እስክትሞት በር በሩን እያየች ኖረች። ይህን የእሷ መቃብር ውስጥ አስገባላታለሁ። ልጅሽ መጣልሽ እላታለሁ።»

ጉንዳን ወጥ ቤት ስትደርስ አጎቷ እያፏጨ ብርጭቆ ይወለውላል።

«ጋሼ፣ ንገራቸው!»

«ምኑን?»

«ቀለሁ የኛ መሆኑን! እናታቸው መቃብር ሊያስገቡት ነው!»

«አቦ አታካብጂ! ስልሳ ዓመት ያጡትን በአንድ ቀን ሰጠኋቸው። ይመርቁኛል እንጂ!»

«የሰጠሃቸው እኮ ከርከሮ የተገደለበትን ነው!»

አጎቷ ሳቀ። መሳቁ ነው ያንገበገባት።

«ስሚኝ ጉንዳኔ። እሳቸው ነገ ይሄዳሉ፣ አንቺ ግን እዚሁ ነሽ። ትንፍሽ ብትዪ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ። ትምህርቱንም እዚያው ተማሪ።»

በእናቷ መንደር ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ጉንዳን ዘጠነኛን ገና ማጋመሷ ነው።

ሌሊቱን ተኛች ማለት አይቻልም። በዚህ ቤት ወለል ላይ ልጅ እግር ወታደሮች እናታቸውን እየጠሩ ሞተዋል። አጎቷ ሞታቸውን እንደ ሎተሪ አፈር ውስጥ ደብቆ «ዕድልዎን ይሞክሩ» ይላል፤ ይህን ሲያደርግ ደግሞ እጁ አይቆሽሽም። የማን እጅ ነው የሚቆሽሸው? እዚህ ላይ ስትደርስ ትራሷን በቡጢ መታችው።

ሲነጋ ሽማግሌው በረንዳው ላይ መኪና ይጠብቃሉ።

«አባባ፣ ኪስዎ ያለውን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ።»

«የቱ ማክሰኞ?»

«የአሁኑ።»

መሀረቡን ፈቱ። ቀለሁን አገላብጠው አዩት። ፊታቸው ቀላ፤ ጉንዳን ጥፊ ጠበቀች።

«ብዙ ኖሬያለሁ፣ ብዙ ጅል አይቻለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ጅሉ እኔ ነኝ» አሉ። «አታፍሪም?»

«አፍራለሁ።»

ቀለሁን ጓሮው ውስጥ ወረወሩት። ከላይ የአጎቷ መስኮት ተከፈተ።

«ጉንዳን! ምንድነው የምትቀባጥሪው?»

አልዞረችም። «ብዙ ሰው ያለቀበት ምሽግ እኮ እዚህ አልነበረም፣ አባባ። ከቦዩ ማዶ ሽንኩርት የተተከለበት ማሳ ነው። ገበሬው ሲያርስ እስከ ዛሬ አጥንት ያወጣል። አጎቴ ሩቅ ነው ብሎ እንግዳ አይወስድም። የሚታይ ነገር የለውም ይላል።»

ሽማግሌው ወደ መንገዱ፣ ከዚያም ወደ ቦዩ አዩ።

«ይርቃል?»

«በእርስዎ እግር ግማሽ ሰዓት።»

«አንቺ!» አለ አጎቷ ከላይ። «ሻንጣሽን አሁኑኑ ጠቅልዪ!»

«ስመለስ» አለች ጉንዳን፣ ቀና ብላ ሳታየው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለች። «የጫማ ማሰሪያዎን ጠበቅ ያድርጉት። ማዶው ጭቃ ነው።»