ለጭፈራው እንጂ ለፊርማው

«ለጭፈራው ከሆነ ወለሉን እሰነጥቅልሃለሁ። ለፊርማው ግን ሌላ ሰው ፈልግ» አለ ሾፌሩ ለመካኒኩ ጓደኛው።

ልጅቷ ጋራዡ በር ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። የላከቻት ታላቅ እህቷ ናት። የጋብቻ ምዝገባው ሳይደርስ ወረቀቱ ሁሉ ይሟላ ብላ ወጥራ ይዛለች። የእሷ አልቋል፤ መታወቂያው፣ ፎቶው፣ ያላገባች ስለመሆኗ ማስረጃው፣ ምስክሮቿም ጭምር። መካኒኩ እጮኛዋ ግን አንድ ቀን «ነገ»፣ ሌላ ቀን «የቀበሌው ኃላፊ የለም አሉኝ» ነው።

«ብትፈርም ምን ትሆናለህ?» አለ መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምስክር እኮ ‹ጋብቻውን የሚከለክል ነገር አላውቅም› ብሎ ነው የሚምለው። እኔ ደግሞ የፊተኛው ሰርግህ ላይም ጨፍሬያለሁ! ፍቺው ገና ፍርድ ቤት ነው፤ መጀመሪያ እሱን ጨርስ።»

መካኒኩ ዞር ሲል አያት። «አጅሬ መርማሪዋ! መቼ መጣሽ?»

«አሁን መድረሴ ነው። ማስረጃው የት ደረሰ ብላሃለች።»

«ነገ በያት።» ጥርሱ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን ይመረምራታል። «የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?»

«ምን የሚሰማ አለ?»

ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ስታሰላስል ሄደች። ባለፈው ስልኩ ላይ የሴት ስም አይታ ለእህቷ ሹክ ብትላት፣ ሴትዮዋ አክስቱ ሆነው አረፉት። መርማሪ የሚለው ስም የወጣላት ያን ቀን ነው። አሁንስ ማን ያምናታል? ደግሞ እሱ ራሱ ለእህቷ ሊነግራት አስቦ ቢሆንስ? ሊነግራት ቢያስብ ኖሮ ግን «ፈርም» ብሎ ይለምን ነበር?

ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ እህቷ የሙሽራ ቀሚሷን ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በጠመኔ አስምራ ጨርሳለች።

«እሺ፣ ምን አለ?»

«ነገ አለ።»

«ታዲያ ምን ያስኮርፍሻል? ነገ ሩቅ ነው?» መቀሱን አነሳች። «በይ ትንፋሽሽን ያዢልኝ፤ ይሄ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።»

ልጅቷ መዳፏን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«እጅሽን! ልቆርጥሽ ነበር እኮ!»

«አትቁረጪው፣ እታለም።»

«ደግሞ የየትኛዋ አክስቱ ስልክ ነው?» ብላ እህቷ ሳቀች።

ልጅቷ አልሳቀችም። እጇንም አላነሳችም። በሌላው እጇ ወንበሩን ሳበችላት።

«መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለች።