ከዐሥር ሦስቱ

በአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ «ደመና» የሚል ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ጠዋት ስትገባ ሰው ሰላም ከማለቷ በፊት በመስኮቱ ወደ ሰማይ ስለምታይ ነው። ሥራዋ የወቅት ትንበያ ነበር፤ የመጪው ወቅት ዝናብ ይበቃል ወይስ ያጥራል የሚለውን፣ ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ማሳወቅ። የቤት አከራይዋ ግን ደመወዝ የሚከፈላት ጠንቋይ ትመስላቸው ነበር።

ጽሑፏን በሬዲዮ የሚያነበው ጋዜጠኛ መጀመሪያ የመጣው ሊጣላት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቶ፣ ይህን የሚሰማ ገበሬ ዝናቡ ሳይመጣ እንቅልፍ ይወስደዋል አላት። እሷም፣ አንተ ስታነበው ደግሞ የቀብር ማስታወቂያ ይመስላል ብላ መለሰችለት። ሳቀ። ሳቁ ከድምፁ ይበልጥ ያምር ነበር፤ ድምፁን ደግሞ አገር ሁሉ ይወደዋል።

ከዚያ በኋላ ከየቀረጻው በፊት መምጣት ልማዱ ሆነ። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ምላሱን ያደናቀፈውን ቃል አብረው ይለውጣሉ። ፍቅራቸው የበቀለው እዚያ፣ ቃል በመለዋወጡ መሀል ነው።

አንድ ቀን ብዕሩን አስቀመጠና፣ «እስቲ እንደ ልጅ አስረጂኝ» አላት። «ፓስፊክ ውቅያኖስ ሞቀ አልሞቀ፣ በእኛ ሰማይ ምን አገባው?»

የሻይ ብርጭቆዋን አስጠግታ ከአንድ በኩል እፍ አለችበት።

«አየህ፣ ነፋሱ እንዲህ እየገፋ፣ ፀሐይ ያሞቀችውን ውኃ ወደ ምዕራቡ ዳር ይሰበስበዋል። በምሥራቁ በኩል ደግሞ ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል። አንዳንድ ዓመት ግን ነፋሱ ይደክመዋል። ያኔ የሞቀው ውኃ ተንሸራቶ ይመለሳል፤ ደመናውም ተከትሎት ይሄዳል። ኤልኒኞ የሚሉት እሱን ነው። ሰማይ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ስለሆነ፣ እዚያ ደመናው ቦታውን ሲለቅ የእኛም ዝናብ ይናጋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነፋሱ ይበረታል፣ ውኃው ከልኩ አልፎ ይቀዘቅዛል። ላኒና ነው፤ እኛ ዘንድ ዝናቡ ይበዛል። ይሄዳል፣ ይመጣል። መምጣቱ አይቀርም፤ ቀን ግን አይቆርጥም።»

«እንደ አጎቴ ነዋ» አለ። «እሳቸውም እመጣለሁ ይላሉ እንጂ ቀን አይቆርጡም።»

አጎቱ፣ ወላጆቹ ሲሞቱ ወስደው ያሳደጉትና ያስተማሩት የእህል ዘር ነጋዴ ነበሩ። የሬዲዮ ዝግጅቱም የሚተላለፈው በእሳቸው የገንዘብ ድጋፍ ነው። ያኔ ነገሩን እንደ ቀልድ ሰምታ አለፈችው።

«ነፋሱ ሲደክመው» የሚለውን አባባሏን በሚቀጥለው ዝግጅት አየር ላይ አዋለው። ብዙም ሳይቆይ ገበያ መሀል ሁለት ሴቶች፣ ዘንድሮ ነፋሱ ደክሞት ይሆን እያሉ ሲጨዋወቱ ሰማች። ፈገግታዋን ሰው እንዳያይባት አንገቷን ደፍታ ሽንኩርት መምረጥ ያዘች።

የሚጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። እሷ ይዘንባል ወይም አይዘንብም ብላ አትጽፍም፤ ከዐሥር ስድስት እጅ፣ ከዐሥር ሰባት እጅ ትላለች። እሱ ደግሞ፣ ገበሬ መሬቱን ስድስት እጅ ዘርቶ አራት እጅ አይተውም እያለ ይሟገታታል። ጥርጣሬዬን ከደበቅሁ ዋሸሁ ማለት ነው ትለዋለች። አንድ ከሰዓት ይህንኑ ስትለው መልሱን ትቶ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«አንቺስ» አላት፣ «ከዐሥር ስንት እጅ ታገቢኛለሽ?»

የሁለት እጆቿን ጣቶች ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሠርጉ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ቤተሰቦቻቸው ተስማሙ። በዚያው ዓመት ውቅያኖሱ መሞቅ ጀመረ።

ባለሙያዎቹ ተሰብስበው፣ ከዐሥር ሰባት እጅ ዝናቡ ያለጊዜው ይቋረጣል አሉ። ምክሩም ግልጽ ነበር፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ረዥሙ በቆሎ ይቅር፣ ቶሎ የሚደርሰው ይዘራ። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ትንበያው ለሁሉም እኩል በሬዲዮ ሳይነገር ለዘመድ በጆሮ ሹክ አይባልም። ስለዚህ ገበሬው አባቷ ደውለው ምን እንደሚዘሩ ሲጠይቋት፣ ሬዲዮ ስማ አለቻቸው። «የሚያነበው የእኔው ሰው ነው፣ አባዬ። ቃሉ ቃሌ ነው።» ይህን ስትል ኩራት ቢጤ ተሰምቷት ነበር።

በማግስቱ ከተራራው ወዲያ ያሉትን የዝናብ መለኪያዎች ለመጠገን ወጣች። ሬዲዮም ስልክም የማይደርስበት አገር ነው። ከመነሣቷ በፊት የትንበያውን ወረቀት ለእጮኛዋ በእጁ ሰጠችው። እስከ መኪናው ሸኛት፤ የሹራቧን የላይኛ ቁልፍ ቆለፈላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። መለያየቱ የከበደው መሰላት።

ሥራው ብዙ አቆያት። ስትመለስ መንገዷ በአባቷ መንደር በኩል ነበር። አባቷን ቡቃያው መሀል ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው። ወደ ላይ ቀና ብለው፣ ዘንድሮስ ረዥሙን በቆሎ ነው የዘራሁት አሏት፣ ፊታቸው በርቶ።

«አባዬ፣ ሬዲዮ አልሰማህም እንዴ?»

«ሰማሁ እንጂ! ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ አሰማሁ። የልጄ እጮኛ ነው፣ ዝም በሉ እያልኩ። አትስጉ አይደል ያለው?»

የጻፈችው ሌላ እንደነበር ነገረቻቸው። መኮትኮቻውን መሬት ላይ አኖሩት። «ያመኑት ፈረስ…» ብለው ጀመሩና፣ የልጃቸውን ፊት አይተው ተዉት።

በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደችና ቀረጻውን አሰማኝ አለችው። ማዳመጫውን ሰጥቷት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያ የምትወደው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ተናገረ። ነፋሱ ቢደክመውም ዝናቡ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅበት ዕድል አለ፤ ረዥሙን በቆሎ የለመዳችሁ አትስጉ፣ አለ። አባባሉ የእሷ ነበር፤ አብረው የመረጡት፣ አብረው ያለሰለሱት።

«የአጎቴ መጋዘን በረዥሙ በቆሎ ዘር ሞልቶ ነበር» አለ፣ እንደቆመ። «ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ለመኑኝ። በምን አፌ እምቢ ልበላቸው?»

«እኔስ?»

«አልዋሸሁም እኮ። ሰባቱን ተውኩ እንጂ፣ ከዐሥር ሦስቱ የራስሽ ነው። አንቺው ነሽ የጻፍሽው።»

ከሁሉ የጎዳት ይህ ነበር። ዓይን ያወጣ ውሸት ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ፣ የእሱ ነገር ነው ብላ በተለየችው። እሱ ግን ለእውነት ብላ ክፍት በተወችው በር፣ ለእሱም በፍቅር ባሳየችው፣ አጎቱን ይዞ ገባ።

ለአለቃዋ ነገረች፤ ማረሚያም ተነበበ። ዘሩ ግን መሬት ከገባ ቆይቷል። በቆሎው ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ተቋረጠ። አባቷ በሬዎቻቸውን ሸጡ። ጎረቤቶቻቸው፣ የልጅህ ትንበያ ጉድ ሠራን ሲሏቸው ስለ እጮኛዋ ትንፍሽ አላሉም፤ እስኪ ይሁን ብለው አለፉት። ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ከበዳት።

ሠርጉ ቀረ። አንድ እሑድ መጥቶ የቤቷ በር ላይ ቆመ። ከስቷል። ከአጎቱ ጋር እንደተጣላ፣ ከዝግጅቱም እንደወጣ ነገራት።

«ባሕሩ እንኳ ሞቆ፣ ቀዝቅዞ፣ ይመለሳል ትይ አልነበር?» አላት።

«ይመለሳል» አለችው። «ባሕሩ ግን ቃል አልገባልኝም።»

እጁን በሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። አንድ ነገር ቢጨምር ልቧ እንደሚከዳት ታውቅ ነበር። አልጨመረም። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆማ አዳመጠች።

ውቅያኖሱ በቀዘቀዘበት ዓመት ትንበያውን ራሷ በሬዲዮ አነበበችው። ከጣቢያው ስትወጣ አባቷ ደወሉ።

«ሰማሁሽ» አሉ። «ቸኮልሽ።»

«ፈራሁ፣ አባዬ።»

«ስለ ጎርፉ ያልሽው ገብቶናል። ነገ የውኃ መውረጃውን እንቆፍራለን።» የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየችው፤ አልተቋረጠም። «ያ ልጅ…» አሉ ቆይተው፣ «ድምፁ ጥሩ ነበር።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«ጥሩ ነበር» አለች።