የጋሼ ቁልፍ ወራሽ

ሬሳው የተገኘው በመሥሪያ ቤቱ የኋላ ደረጃ ሥር ነው። የድርጅቱን መረጃ ማን እንዲያይ፣ ማን እንዳያይ ሲወስን የኖረ ሰው ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ይለው ነበር። አዲስ ፕሮግራመር ሲቀጠር ጋሼ ቁልፍ አጣርቶ በእጁ እስኪከፍትለት ድረስ ኮምፒዩተሩን ታቅፎ ሳምንታት ይቀመጣል። በቅርቡ ግን አንዲት ወጣት ይህንኑ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ የተቀጣሪውን የሥራ ድርሻ አይቶ የሚያስፈልገውን ብቻ ወዲያው ይከፍትለታል፤ የሥራ ድርሻው ሲቀየር ደግሞ ይዘጋበታል።

ስለዚህ ወሬው አንድ ሆነ፤ ሥራውን ማሽን ቢነጥቀው ቅናት አንገብግቦት ራሱን ወረወረ ተባለ።

መርማሪዋ ጠና ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ተንበርክካ ፊቱን አየችው። የማንበቢያ መነጽሩ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ስባሪው ጉንጩን ቆርጦታል። ሬሳው አጠገብ ወደቆመችው ሚስቱ ዞረች።

«በዚህ መነጽር ይራመዳል?»

«በሱ ሩቁ ሁሉ ይደበዝዝበታል። አንብቦ ሲጨርስ ወዲያው ያወልቀዋል፤ ደረጃ ላይማ ጨርሶ አያደርገውም።»

ባለቤቱ ቀጥላ ሳትጠየቅ ፕሮግራሙን ስለጻፈችው ልጅ ተናገረች። ባሏ ራት ላይ ሳይቀር የሚያነሳው ያችን ልጅ ብቻ ነበር። ቅናቱ እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ከርሟል። አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጥታ በመስታወቱ አጮልቃ አይታቸዋለች፤ ልጅቷ ትተይባለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ያዛጋል። ያም አላጽናናትም። «ለእኔ እንደዚያ ቁጭ ብሎልኝ አያውቅም» አለች።

ልጅቷ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ፕሮግራሙን ጻፊ ያላት ራሱ ጋሼ ቁልፍ እንደሆነ ተናገረች፤ አዳዲሶቹ በሩ ላይ ቆመው ሲለማመጡት ማየት ሰልችቶት ነበር። ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ብቻ ክፍል ዘግተው ፕሮግራሙን ሥራ አስጀመሩት። ከዚያም በእጅ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣንን ከሰው ሁሉ አነሱ። ጋሼ ቁልፍ ከራሱ ጀመረ፤ ምክትሉን አስከተለ።

«የራሱን መሰረዙን ሌላ ማን ያውቃል?» አለች መርማሪዋ።

«ማንም። ከሰዓት በኋላ በስብሰባ ሊነግራቸው ነበር። የማን ፈቃድ እንደተሰረዘ የሚያሳየውን ገጽ ከእኔ በቀር ከፍቶ ማየት የሚችል የለም፤ እኔም ለማንም አልተነፈስኩም።»

ምክትሉ ከጋሼ ቁልፍ ጎን ሲሠራ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ዛሬ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ከቤቱ እንዳልወጣ፣ ጋሼን ከትናንት ወዲህ እንዳላየውም በስልክ እንዳላነጋገረውም፣ መርዶ ሰምቶ እንደመጣ ተናገረ። የልጅቷ ነገር ሲነሣ ግን ፊቱን አዞረ።

«ቦርሳውን ስሸከም ያረጀሁት እኔ፣ ‹ልጄ› የሚላት ትናንት የመጣችውን» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼን ማን ይነካዋል ብለው ነው? የገዛ ፈቃዱን እንኳ በእጁ ሰርዞት የለ? ራሱን ከሰረዘ ሰው ምን ይጠበቃል?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንና ሥራ አስኪያጁን በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«ራሱን ሊወረውር የሚሄድ ሰው የማንበቢያ መነጽር አያደርግም» ስትል ጀመረች። «ደረጃው አናት ላይ ቆሞ የሚያነበው ነገር ነበረው። በእጁም በኪሱም ወረቀት የለም፤ የራሱን ስልክ ቢሮው ውስጥ ትቶታል። እንግዲያው ያነበበው ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ነው፤ ያም ሰው ስልኩን ይዞ ሄዷል።»

ቀጥላ ጋሼ ቁልፍ የራሱን ፈቃድ መሰረዙን ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ገና አሁን መስማቱ ነበር። ባለቤቱም እንደዚሁ። መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች።

«እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፤ እርስዎው ነገሩኝ። ገጹን ማየት የምትችለው ልጅቷ ብቻ ናት፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። ታዲያ ዛሬ ከጋሼ አፍ ካልሰሙት ከማን ሰሙት?»

ምክትሉ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህን ገጽ ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» ይላል።

«ቤቴ ሆኜ እንደ ልማዴ ፈቃድ የምሰጥበትን ገጽ ልከፍት ስል ይህ መጣብኝ። በኋላ በር ገባሁ፤ ደረጃው አናት ላይ አገኘሁት። ‹አንብበው› አልኩት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ሳቀ። ‹የኔንም ሰርዣለሁ፤ የሷ ከኛ ይሻላል› አለኝ። አሁንም እሷ። ሁሌ እሷ። ደረቱን ገፋሁት።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጋሼ ቁልፍ ትናንት ቢሮው መጥቶ ጡረታ መጠየቁን የተናገረው በግድ ነበር። «ቁልፉን ማሽኑ ይያዘው፤ ወንበሬን ግን ለምክትሌ ስጡልኝ አለኝ። ልጅቷም በሱ ሥር እንድትሆን ነበር የፈለገው።»

«ለእኔ?» አለ ምክትሉ። ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው አስነሡት።

በሩ ሲዘጋ ባለቤቱ ወንበሯን ስባ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ ምን ምን ይልሽ ነበር?» አለቻት። «እስቲ ንገሪኝ፤ አንዱንም አታስቀሪ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀመረችላት።