ፍየሎቼን የምትጠራው

የሞተ ሰው ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ወሬ ሲነሳ ተነስተው ከሚሄዱት ሰዎች አንዷ ነበርሁ፤ አባቴ ቄስ ስለነበሩ «የሞተ በፈጣሪው እጅ ነው፣ ወዲህ የሚያመጣው ጉዳይ የለውም» እያሉ አሳድገውኛል፣ እኔም ይህንኑ አምኜ ኖሬያለሁ፣ ዛሬም አልተውሁም፣ ግን ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወረድ ብሎ ባለው የባሌ የይርጋ ቀዬ ያየሁትን ምን እንደምለው አላውቅም።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ይርጋን ሳገባው ሚስቱ ሞታበት ነበር፤ አንጓች ትባላለች፣ ልጅ ሳትወልድለት ንዳድ ነው የገደላት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው ሁሉ ስሟን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጎረቤት የሠራሁትን ወጥ ቀምሶ «አንጓችማ እንዴት አድርጋ ትሠራው ነበር!» ይለኛል። በሕይወት ያለች ጣውንት ብትሆን እኮ ፊት ለፊት እንሰዳደብ ነበር፤ ከሞተች ሴት ጋር እንዴት ተደርጎ ይጣላሉ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከጓሮ የቆመው አሮጌ የእህል ቤት ነበር። ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ውስጡን የመረገችው እሷ ናት፣ በቀይ አፈር በጣቷ እየሳበች ግድግዳውን ዙሪያውን ሐረግ አስመስላዋለች። ቤቱ ባዶ ነው፣ ግን ይርጋ በዚያ ባለፈ ቁጥር ገባ ይልና ቆሞ ቆሞ ይወጣል፣ ምን ታደርጋለህ ስለው «ጣራው ያፈስ እንደሆን ላይ ብዬ ነው» ይለኛል፣ በበጋ!

አባቴ መቋቋሚያ ይሁንሽ ብለው ፍየሎች ሲሰጡኝ ታዲያ ጊዜ አልፈጀሁም። «የእህል ቤቱ የፍየል ቤት ይሁንልኝ» አልሁት።

«ሌላ እሠራልሻለሁ» አለ።

«የድንጋይ ቤት ቆሞ ሳለ? ነብር እንዲበላቸው ነው?»

አንገቱን ደፋ፣ በማግስቱ መጥረቢያውን አነሳ። ፍየል እርጥብ ላይ ከተኛች አይሆንላትም፣ ስለዚህ የወይራ አጣና እያጋደመ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሠራ፣ ከሥሩ ሽንታቸው የሚወርድበት ቦይ ቆፈረ፣ ከጣራው በታች ድንጋይ አውጥቶ የነፋስ መግቢያ ከፈተ፣ ጥጉን ለግልገሎቹ አጠረ። ግድግዳው የኔ ድርሻ ነበር፤ እበትና ጭቃ ለውሼ ያንን ሐረግ አንድም ሳላስቀር ለቀለቅሁት፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይርጋ በር ላይ ቆሞ አየኝና መጥረቢያውን አንስቶ ወጣ።

ፍየል አዲስ ቤት አልገባም ብላ ታስቸግራለች፣ እኔም ለዚያ ተዘጋጅቼ፣ ይርጋ ገበያ በዋለበት ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነዳኋቸው። ከበሩ ሳንደርስ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ፣ ምላስን ከላንቃ እያጣበቁ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ፍየሎቹ ጆሯቸውን ቀስረው እኔን ጥለው እየሮጡ ገቡ። ጎረቤታችን መስለውኝ «እትዬ የሺ፣ መቼ መጡ?» እያልሁ ተከተልኋቸው።

ማንም የለም። ፍየሎቹ ቆጡ ላይ ተደርድረው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያያሉ፣ ከኔ በቀር ማንንም የማታስነካው ጥቁሯ ፍየሌ አንገቷን ዘርግታ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሰው አገጯን ሲያክላት እንደምትሆነው። ላልባት ጡቷን ብይዝ ባዶ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ይሞቃል፤ ቀደም ብዬ ያስገባኋት ግልገሏ ደግሞ አጥሩ ውስጥ እንደተዘጋባት ትጮኻለች። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ቤት ገብቼ እሳት ዳር ኩርምት አልሁ።

ብዙም ሳይቆይ ይርጋ ገባ፣ ፊቱ በርቶ፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ በርቶ አላየሁትም።

«አንቺ፣ ያን አጠራር ማን አስተማረሽ?»

«የቱን?»

«ፍየሎቹን ስትጠሪ ሰማሁሽ እኮ፣ አሁን በጓሮ ሳልፍ። አንጓች ነበረች እንዲያ የምትጠራው፣ ከሷ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።»

አሁን ነው የሚለኝ፣ እኔ እኮ አሁን እሳት ዳር ነኝ! ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር፤ እኔ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ያ የበራ ፊት ነው የታየኝ፣ እውነቱን ብነግረው ፊቱም እሱም የሷ ሊሆኑ ነው። «ማን ያስተምረኛል፣ ራሴ ነኝ» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ፍየሎቹን ማስገባት የሱ ሥራ ሆነ። ማታ ማታ እኔ ራት ሳቀርብ እሱ ከነሱ ጋር ያመሻል፣ ሲመለስም «ዛሬም ቀድመሽኝ ቤት ደረስሽ» እያለ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ? ቀን ብቻዬን ስሆን ምላሴ እስኪላጥ ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ፣ የገዛ ፍየሎቼ ቀና ብለው አያዩኝም።

አንድ ምሽት አልቻልሁም፣ ሄጄ ከግድግዳው ተጠጋሁ። ይርጋ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ሰው መልስ እስኪሰጠው ያህል ዝም ይላል፣ ከዚያ ይስቃል። የሌላ ሰው ድምፅ አልሰማሁም። ድንጋይ ላይ ቆሜ በነፋስ መግቢያው አየሁ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ ፍየሎቹ ግን እሱን አያዩም፣ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ነው የሚያዩት። ሮጬ ቤት ገባሁና እሳቱን መቆስቆስ ያዝሁ።

ገባ፣ ከጎኔ ተቀመጠና እጄን ያዘኝ።

«ያልሽኝን አሰብሁበት» አለኝ። «አንቺ ካልሽ እሺ፣ ይሁን።»

ምን ብዬው ነበር? ልጠይቀው አፌን ከፈትሁ፤ ግን ከጠየቅሁት የተናገረችው እኔ አለመሆኔን ያውቃል፣ ወይም ያውቅ ኖሮ እኔን እያባበለኝ ይሆናል፣ ያንን ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር፣ በፍቅር።

«ደስ አለኝ» አልሁት።

ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፣ ወልደን አሳደግን፣ እሱም በሰላም አረፈ፣ እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ። ክፉ ባል አልነበረም፤ ቤቱን ሲያድስልኝ፣ ስታመም ሌሊቱን ተቀምጦ ሲያድር፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ስም እኔን ሳያማክር ሲያወጣላት፣ ደግ ነገር ባደረገልኝ ቁጥር፣ ያን ማታ እሺ ያላት ይሄንን ይሆን? እላለሁ።