ከአልጋ ሥር የዋለ ጫማ

የመካነ ሰላም ሞተረኞች ሳቢር ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ አይጠይቁም ነበር። በተራ ሲጣሉ የሚያስታርቅ እሱ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብልሽቱን የሚናገር እሱ፣ የታመመ ባልደረባ ሲኖር ቀድሞ ደጅ የሚደርስ እሱ ነው። ከገበያው ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወርደው ኮረኮንች ላይ እንደ እሱ የነዳ የለም። እንዲህ ያለ ሰው መልካም ሲናገር አገር ይጠቀማል። ሲሳሳት ግን ስህተቱ የእሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሰሙት ሁሉ ይካፈሉታል።

ሳቢር የሚነዳው በክፍት ጫማ ነበር። ጫማው ጥሩ ቆዳ ነው፤ ሁልጊዜ ተወልውሎ ያበራል፤ እግሩን የሚይዘው በሁለት ጠፍር ብቻ ነው። ባልደረባው ካሳ ደግሞ ፀሐይም ይሁን ጭጋግ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ወፍራም ቦት ጫማ ከእግሩ አይለይም። በዚህ የተነሳ ሞተረኞቹ «አሥር አለቃ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ካሳ አይቀየምም፤ እንዲያውም «ምልምሎች፣ ለአለቃችሁ ሰላምታ የለም?» እያለ መልሶ ይስቅባቸዋል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ተሳፋሪ ባልበዛበት ጠዋት፣ ይኸው ካሳ አንድ ሐሳብ አመጣ።

«ያ ጀመዓ፣ ማኅበራችን ለሁላችንም ቦት ጫማ ባንድ ላይ ቢያስመጣስ? ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ። ሞተር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያገኘው እግርን ነው።»

ሁሉም ወደ ሳቢር ዞሩ።

«ሐሳብህ ኸይር ነው ካሳ፤ ለኛ ግን አይሆንም» አለ ሳቢር። «አንተ ጠዋት ያጠለቅኸውን ማታ ነው የምታወልቀው። እኛ በደረስንበት ምንጭ እግራችንን ታጥበን ለሶላት ውዱ ማድረግ አለብን። ማሰሪያ ስፈታ ስቋጥር ሶላቴ ይለፈኝ?»

«የውዱውን ነገር አላውቅልህም። እግር መለዋወጫ እንደሌለው ግን አውቃለሁ።»

«አብሽር አሥር አለቃ! ተጠንቅቆ የነዳ ሰው አይወድቅም።»

ሞተረኞቹ ሳቁ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ከሳቁት አንዱ ሀቢቡላህ ነው። የሳቢር ሚስት የአርዋ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ሞተር መንዳት ያስተማረውም ሳቢር ራሱ ነው። ሀቢቡላህ ሥራ ሲጀምር ቦት ጫማ ገዝቶ ነበር። ጫማው ደረቅና ጠባብ ስለነበር ማውለቁም ማጥለቁም ትግል ነው። አንድ ቀን ለእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ሰው ተሰልፎ ሳለ ከማሰሪያው ጋር ሲታገል ያየው ሳቢር፣ ከሰው ፊት «ሀቢቡላህ፣ አንተ ፈተህ እስክትጨርስ እኛ የከሰዓቱን ዐስር ሰግደን እንሄዳለን» አለው። ጨዋታ ነበር። ልጁ ግን አፈረ። ማታውኑ ቦቱን አልጋ ሥር ወርውሮ በማግስቱ እንደ አማቹ ክፍት ጫማ አድርጎ መጣ፤ ሳቢርም ይህን አይቶ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ሐምሌ ውስጥ፣ ከገበያ በኋላ፣ ሀቢቡላህ አቶ አራጌ የሚባሉ ገበሬ አሳፍሮ ወደ ቀበሌያቸው ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነው። ልጁ ቀስ ብሎ፣ እንደተማረው በመጀመሪያ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየዳበሰ ነበር የሚወርደው። ምንም አላጠፋም። ይሁን እንጂ የፊት ጎማው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተና ሞተሩ በቀኝ ጎኑ ተጋደመ። የሀቢቡላህ ቀኝ እግር ከታች በድንጋዩ፣ ከላይ በጋለው የጭስ ማውጫ ተይዞ ቀረ።

ስልክ ተደውሎለት ሳቢር በርሮ ሲደርስ አቶ አራጌ ሞተሩን አንስተው፣ ልጁን ጋቢያቸው ላይ አስተኝተውት ነበር። እሳቸው ጉልበታቸው ከመላጡ በቀር ደህና ናቸው።

«እኔን ያተረፈኝ ይሄ ለእርሻ ጭቃ ያጠለቅሁት የጎማ ቦት ነው» አሉ። «የሱ እግር ግን ባዶውን ነው የተገኘው፣ ወንድሜ።»

«ጫማ አድርጓል እኮ!» አለ ሳቢር።

«የቱን?»

ሳቢር ዙሪያውን ቃኘ። የሀቢቡላህ ክፍት ጫማ ጠፍሩ ተበጥሶ ቦይ ውስጥ ተንሳፍፏል። ጎንበስ ብሎ ልጁን አቀፈው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሞቹ አጥንቱ ሁለት ቦታ መሰበሩን ተናገሩ። ይበልጥ ያስፈራቸው ግን ቃጠሎው ነው፤ ቁስሉ ካመረቀዘ እግሩን ማዳን ይከብዳል አሉ። አርዋ ይህን ከሰማች በኋላ ከወንድሟ አልጋ አልተነሳችም። ሳቢር ምግብ ይዞ ሲመጣ ተቀበለችውና ቀና ብላ አየችው።

«ወንድሜ ቦት ጫማ ነበረው» አለችው በለሆሳስ። «ማን ነው ያስወለቀው?»

ብትጮህበት በተሻለው ነበር። ያቺ ስለ ማሰሪያው የተናገራት ጨዋታ ትዝ አለችው። ከሆስፒታሉ ወጥቶ በቀጥታ እሱንም ሀቢቡላህንም ቁርኣንና ኪታብ ወዳስቀሯቸው ወደ ሸህ አብዱልጀሊል ቤት ሄደ።

«ሸሆዬ፣ ዱዓ እንዲያደርጉልን ብዬ ነው የመጣሁት» አላቸው።

«ዱዓውስ እየተደረገ ነው። ለመሆኑ ልጁ ለምን በክፍት ጫማ ነዳ?»

«ለውዱ እንዲመቸን ብለን ነው። ለዲናችን ብለን።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«ሳቢር፣ የጠሃራን፣ የንጽሕናውን ምዕራፍ እኔ ዘንድ አልቀራህም?»

«ቀርቻለሁ።»

«በኹፍ ላይ ማበስ የሚል አላገኘህበትም?»

«አግኝቻለሁ። የዱሮ መንገደኞች ነገር መስሎኝ...»

«የዱሮው በግመል ሄደ፤ አንተ በሞተር ትሄዳለህ። መንገድ መንገድ ነው!» ሸሁ ድምፃቸው ከረረ። «ኹፍ ማለት ይኸው የቆዳ ቦትህ ነው፤ ውዱ ይዘህ ካጠለቅኸው፣ ንጹሕ ከሆነ፣ ቁርጭምጭሚትህን ከሸፈነ፣ ውሃ ካላስገባ፣ ሳይወልቅ ብዙ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ውዱህ ሲፈታ እግርህን ማጠብ የለብህም። እጅህን አርጥበህ ከላዩ ታብሳለህ። ለተቀማጭ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት። መስጊድ ስትገባ ደግሞ አውልቀህ እግርህን ትታጠባለህ። ይኸው ነው። ዲኑ ገር ነው ሳቢር፤ ያከበድከው አንተ ነህ። ጫማ መፍታት ሰለቸህና ስንፍናህን ዲን አለበስከው። ልጁ ደግሞ አመነህ።»

ሳቢር አንገቱን ደፋ። ሲያፍር የሚቆጣ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን የሚቆጣበት ሰው አጣ። እውነት ነው፤ ሶላቱን አስቦ አያውቅም፤ ያሰበው ስለ ድካሙና ስለሚያምርበት ጫማው ነው። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምናደርገው! የሰነፍንበትን ነገር ባህል፣ ያልወደድነውን ነገር ኃጢአት እያልን ስንቱን አሳስተናል።

አላህ ይመስገን፣ ቁስሉ አላመረቀዘም። ሀቢቡላህ ትንሿን የእግር ጣቱን አጣ፤ እግሩ ግን ተረፈ። ጄሶው ተፈትቶ መራመድ ሲጀምር ሳቢር ወደ ካሳ ሄደ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ እንደሚስቅበት አልተጠራጠረም። ካሳ ግን አልሳቀም።

«ጫማ መምረጥ አሳየን» አለው ሳቢር።

ካሳ መጀመሪያ የሀቢቡላህን አሮጌ ቦት ከአልጋ ሥር አስወጥቶ እጁን ከተተበትና ሊያጥፈው ሞከረ። እንቢ አለው።

«ይሄማ የበር መዝጊያ ነው» አለ። «ልጁ መተዉ አይገርምም። ማኅበሩ ፊት ስለ ምቾት አንድም ቃል አለመናገሬ የኔ ጥፋት ነው። የማይመች ጫማ ምን ጠንካራ ቢሆን አልጋ ሥር ነው የሚውለው፤ አልጋ ሥር የዋለ ጫማ ደግሞ ማንንም አያድንም።»

ወደ ገበያ የሄዱት ከሰዓት በኋላ ነው። ካሳ ጠዋት እንዳይሄዱ ከለከላቸው፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ያስጨንቃል አለ። ወፍራም ካልሲ አድርገው እንዲመጡም አዘዘ። ባለሱቋ የትምወርቅ ያላትን ሁሉ አወረደችላቸው። ሀቢቡላህ አቶ አራጌን አስታውሶ የጎማ ቦት አነሳ።

«እሱ ለእርሻ ነው» አለ ካሳ። «የጋለ ብረት ሲነካው ይቀልጣል፤ እግርህንም በላብ ይቀቅልሃል። ቆዳ ያዝ።»

ሳቢር ደግሞ የሚያብረቀርቅ፣ ማሰሪያው ረጅም የሆነ አንድ ቦት ወደደ። ካሳ ማሰሪያውን በጣቱ አንጠልጥሎ አሳየው።

«ይሄ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ተጠምጥሞ ይጥልሃል። ማሰሪያው አጭር ይሁን፤ ካልሆነም በላዩ ክዳን ያለው።»

በመጨረሻ ለሁለቱም ተገኘ። ቆዳው ወፍራም ግን የሚታጠፍ፣ ጣቶቹና ተረከዙ በውስጥ የጠነከሩ፣ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ በዚፕና በሰፊ ተለጣፊ ክዳን የሚዘጋ ነው። ሶሉ ጥርስ አለው። ለሀቢቡላህ የተጎዳ እግር ፊቱ ሰፋ ያለ ተመረጠ። «እንዳትከፍሉ!» አለ ካሳ፤ የትምወርቅን አስፈቅዶ ሁለቱንም ደጅ ወደቆመው ሞተር አወጣቸው። ተቀመጡ፤ በግራ እግር ጣት ማርሽ ቀየሩ፤ በቀኝ የኋላ ፍሬኑን ረገጡ። ፍሬኑ በጫማው ውስጥ ለእግር ሊሰማ ይገባል አላቸው። ከዚያ ወርደው ዳገቱን ወጡ፣ ወረዱ። ሲወርዱ ጣታቸው ጫፉን አልነካም፤ ሲወጡ ተረከዛቸው አልተነሳም።

የትምወርቅ በጣሳ ውሃ አምጥታ ጫማው ላይ አፈሰሰች። ውሃው በቆዳው ላይ ተንከባሎ ወረደ፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ያኔ ሳቢር ሸሁ የቆጠሩለትን በጣቱ ደገመው። ቁርጭምጭሚት ይሸፍን፤ ውሃ አያስገባ፤ ሳይወልቅ ብዙ ያስኬድ።

«ካሳ፣ ኪታቡን የት ነው የቀራኸው?» አለው እየሳቀ። «ሸሁ ያሉትና አንተ ያልከው አንድ ነው!»

«እኔ የቀራሁት እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው» አለ ካሳ።

ሀቢቡላህ ሥራ የጀመረ ዕለት ሞተረኞቹ በሙሉ ተራ መያዣው ላይ ነበሩ። የሳቢርን አዲስ ጫማ አይተው «ሁለተኛ አሥር አለቃ ተሾመ!» ብለው ጮኹ። ሳቢር ሳቃቸውን አስጨርሶ መሃላቸው ገባ።

«ያ ጀመዓ፣ ስሙኝ። ቦት ለውዱ አይመችም ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ውሸት ነበር። ዲናችን መንገዱን ከጥንት ጀምሮ ከፍቶልናል፤ እንዴት እንደሚታበስ የማያውቅ ሸህ አብዱልጀሊልን ይጠይቅ። የተጠነቀቀ አይወድቅም ያልኳችሁም እኔ ነኝ። ሀቢቡላህ ተጠንቅቆ ነው የወደቀው። ቃሌን ሰምቶ ጫማውን ያወለቀ ሁሉ፣ ዛሬም ቃሌን ሰምቶ ያጥልቅ። ካሳ ያለውን እናስመጣለን፤ እያንዳንዱ ግን በእግሩ ለክቶ፣ ሞተር ላይ ሞክሮ ነው የሚወስደው።»

ይህን ሲል አንዳንዱ ሳቀ፤ አብዛኛው ግን ወደ ሀቢቡላህ ዞሮ ተመለከተ። እናንተም በሞተር እንጀራችሁን የምታወጡ፣ ወይም ሰው ቃላችሁን የሚሰማላችሁ ሁሉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እግራችሁን የሚጠብቅ ጫማ ምረጡ፤ ቀኑን ሙሉ የምትውሉበት እንዲሆን ደግሞ የሚመቻችሁን ምረጡ። ስለሌላው ሰው እግር ስትቀልዱም የሚሰማችሁ መኖሩን አትርሱ።

ሀቢቡላህ ሞተሩን አስነሳ። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሳቢር ነበር፤ ከልጁ ኋላ ሊቀመጥ እግሩን ሲያነሳ ሀቢቡላህ በእጁ አገደው።

«ጋሼ ሳቢር፣ የግራው ክዳን አልተዘጋም።»

«በኋላ እዘጋዋለሁ፤ የምንሄደው ቅርብ ነው።»

«አሁን» አለ ሀቢቡላህ። ሞተሩን አጠፋው።

ሳቢር ሞተር ያስተማረውን ልጅ አየው። ከዚያም ከባልደረቦቹ ሁሉ ፊት መሬት ላይ ተንበርክኮ ክዳኑን በደንብ ዘጋ። ተነስቶ ሲቀመጥ፣ ዙሪያውን የቆሙት ሞተረኞች አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው የየራሳቸውን እግር ያዩ ነበር።