ሲሞቅ ዝም ይላል

ይህ ነገር በእውነት ሆኗል። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ካዛንቺስ ሄዶ ፈየራን ይጠይቅ።

ፈየራ አፉን ከፍቶ እንደማይነግረው አውቃለሁ... አንገቱ ላይ ያሉትን ጠባሳዎች ግን ሊደብቃቸው አይችልም።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም.። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የካዛንቺስን ቆርቆሮ ሲወቅጠው ሰው አጠገቡ የሚያወራውን እንኳ አይሰማም ነበር።

መጀመሪያ ግን ስለ ፈየራ ስስት ልንገራችሁ። ያለ እሱ ታሪኩ አይገባችሁም።

ፈየራ ዕድሜውን በላዳ የጨረሰ ሾፌር ነው። ቁልቁለት ካገኘ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይንሸራተታል። ተሳፋሪ በፍርሃት ወንበር ሲጨብጥ እሱ የተረፈውን ቤንዚን እያሰበ ፈገግ ይላል።

በዚያ ዓመት እሱና የሚስቱ ወንድም በድሉ ላዳዎቻቸውን ሸጠው አንዲት ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና በጋራ ገዙ። ያኔ በከተማው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቀን ፈየራ ይሠራባታል፣ ማታ በድሉ።

መኪናዋ ቤንዚን ስለማትጠጣ ስስቱ የሚለቀው መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ጭራሽ ባሰበት። ቤንዚን መስጫውን... ዛሬም እንደዚያ ነው የሚጠራው... በጣቱ የሚዳስሰው ያህል ቀስ ብሎ ይረግጠዋል። ቀይ መብራት ከሩቅ ሲያይ እግሩን ያነሳል። መኪናዋ በራሷ እየቀነሰች ባትሪዋን ትንሽ ትመልሳለች። ፍሬን መያዝ ለእሱ ብክነት ነው።

በድሉ ደግሞ በተቃራኒው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው የሚነዳው። ማሞቂያ ባትሪ እንደሚጨርስ እያወቀ። ጠዋት መኪናዋን ሲያስረክብ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ነው።

"ለምንድነው እንደዚህ የምታግለው?" አለው ፈየራ አንድ ቀን።

በድሉ ወደ ኋላ ወንበር አየት አደረገ።

"ሲሞቅ ዝም ይላል።"

"ምኑ?"

"በቃ... ዝም ይላል።"

ፈየራ ሳቀበት፤ ቀን መኪናዋ በተሳፋሪ ስለምትሞቅ እሱ ምንም ሰምቶ አያውቅም። በረዶው በጣለበት ዕለት ጠዋት ደግሞ መላ አገኘሁ ብሎ የማሞቂያውን ፊውዝ ነቅሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። በድሉ ማታ ሲከፍተው እምቢ እንዲለው።

ከሰዓት በኋላ ራሄል ታመመች።

ራሄል የፈየራ አንድ ልጁ ናት። አስም አለባት። በአፏ የምትስበው መድኃኒት አልቆ ነበር። አባቷ እቤት ሲደርስ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሽ ለማግኘት ትታገላለች። ከንፈሯ መጥቆር ጀምሯል።

ሐኪም ቤቱ ላንቻ ነው። በዚያ ዝናብ ሌላ መኪና አይገኝም። መብራት ከትናንት ጀምሮ ስለጠፋ ባትሪው አልተሞላም። አሥራ አንድ በመቶ ይላል።

በስስት ከተነዳ ያደርሳል። መንገድ ላይ ካለቀ ግን ልጁ እጁ ላይ ታፍናለች።

ከኋላ በቀኝ በኩል አስቀመጣት። መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ። ብርድ እንዳይመታት።

ተነሡ።

የመኪናው መስታወት በጉም መሸፈን ጀመረ። ይህ የተለመደ ነው። ማሞቂያ ከሌለ የሰው ትንፋሽ መስታወት ላይ ይቀራል።

ግን መጀመሪያ የተሸፈነው የኋላው የግራ መስኮት ነበር።

እዚያ የተቀመጠ ሰው የለም።

ፈየራ የፊቱን በእጅጌው እየጠረገ ነዳ። መኪናዋ ከብዳዋለች። ጭነት የያዘች ላዳ እንዴት እንደምትጎተት ያውቃል፣ እንደዚያ ነው የሆነችው። ባትሪው ዘጠኝ አለ።

ከኋላ የራሄል ትንፋሽ ይሰማል። አጭር፣ የሚያፏጭ።

በመካከሉ ደግሞ ሌላ... ረጅም። የማይቸኩል።

"በርዶኛል..." የሚል የሻከረ ድምፅ ሰማ።

"ቻይው የኔ ልጅ። ማሞቂያ ከከፈትን አንደርስም።"

ራሄል በሹክሹክታ...

"አባዬ... እኔ አልተናገርኩም።"

ፈየራ ስፖኪዮውን ቀና ብሎ አየ። እሱም በጉም ተሸፍኗል። ስልኩን አውጥቶ በድሉ ጋ ደወለ።

"በድሉ። ይሄ መኪና ውስጥ ምንድነው ያለው?"

"ማሞቂያውን ክፈተው።"

"ፊውዙን ነቅዬዋለሁ..."



"ከኋላ ሰው አለ?"

"ራሄል አለች።"

"ከኋላ አስወጣት። አሁኑኑ። ፈየራ፣ አሁኑኑ..."

ስልኩ ከእጁ ወደቀ።

አንድ ክንድ ከኋላ መጥቶ ጉሮሮው ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

እርጥብ ነው። ከውጪው በረዶ ይቀዘቅዛል። ጭንቅላቱን ከወንበሩ ጋር አጣብቆ ጨመቀው። ጥፍሮች አንገቱ ውስጥ ሲገቡ ደሙ ደረቱ ላይ ሲወርድ ተሰማው። መኪናዋ ባምቢስ አካባቢ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥታ ቆመች። አጠገባቸው አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ቆሟል። ግን በዚያ ጉም ውስጥ ማን ምን ያያል?

ከወንበሩ ስር የጎማ መፍቻውን አገኘው። ሳያይ ወደ ኋላ ሰነዘረው።

አጥንት ላይ አረፈ።

ደገመው። የሆነ ነገር ተሰበረ። ደገመው። ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተረጨ። ደጋግሞ መታው። ክንዱ ሲላላም፣ ሲለቀውም እጁን ማቆም አልቻለም።

ከዚያ ጸጥ አለ።

የራሄልም ትንፋሽ አይሰማም።

"ራሂ?"

በዚያ ጭፍን ሁኔታ ምን እንደመታ አሰበ... ልጁን ገደላት። ብረቱን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"አባዬ..."

ድምፁ የመጣው ከፊት፣ ከጎኑ ካለው ወንበር ስር ነው። እሱ ሲታገል በሁለቱ ወንበሮች መካከል ሾልካ አልፋ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

"አባዬ... የመታኸው እኔን አይደለም።"

ከኋላ ያ ረጅም ትንፋሽ እንደገና ጀመረ። አሁን ያንኮራፋል። አፍንጫው እንደተሰበረ ሰው።

ለምን ወርደው አልሮጡም ትሉ ይሆናል። ራሄል መቆም አትችልም። በዚያ በረዶ ተሸክሟት ላንቻ ሳይደርስ ታልቅበታለች። ያለችው አንድ መኪና ይህችው ናት።

ባትሪው ስድስት ይላል። ማሞቂያው ከተከፈተ ላያደርስ ይችላል። ካልተከፈተ ደግሞ...

ወንበሩ ከኋላ ሲገፋ ተሰማው። እየተነሳ ነው።

ፈየራ ፊውዙን ከኪሱ አወጣ። ከመሪው ስር እጁን ሰዶ ቦታውን ፈለገ። ጣቶቹ በደም ይንሸራተታሉ። ቀዝቃዛ እጅ ጆሮውን ሲነካው ፊውዙ ቀጭ ብሎ ገባ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ሙቅ አየር ወጣ። እጁ ጆሮው ላይ ቆመ... ከዚያ ተነሳ። ትንፋሹ ቀነሰ።

ዝም አለ።

አምስት። አራት። ቁጥሩ ዓይኑ እያየ ይወርዳል። ፈየራ ያን ቀን ስስት ያስተማረውን ሁሉ ተጠቀመበት። ቁልቁለቱን በራሷ ክብደት ለቀቃት። ፍሬን አልያዘም። የቆመ መኪና ስፖኪዮ ገንጥሎ አለፈ፣ ዞሮም አላየም። ጎማው ውሃ ሲረጭ፣ ሰው ሲሰድበው፣ እሱ የሚሰማው የልጁን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"ትንሽ ነው የቀረን። ትንሽ ነው ራሂዬ።"

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ባትሪው አንድ ይላል። ልጁን ተሸክሞ ሮጠ።

አዳኗት። ኦክስጅን አፏ ላይ አድርገው መስኮት አጠገብ አስተኟት። ነርሷ የፈየራን አንገት እየሰፋች "ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?" ስትለው ዓይኑን ከልጁ ላይ አላነሳም።

ራሄል ከመኪናው ወለል አንስታ የያዘችው ስልኩ ጮኸ። በድሉ ነው።

"ደረሳችሁ?"

"ደርሰናል። ተርፋለች።"

"ተመስገን። ማሞቂያውን አላጠፋኸውም አይደል?"

ፈየራ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። መኪናዋ ዝናብ ውስጥ ቆማለች። መብራቶቿ ጠፍተዋል።

"ባትሪው አለቀ" አለ በቀስታ።



የመኪናዋ መስታወቶች ጥርት ብለው ነበር። መጀመሪያ የኋላው ግራ መስኮት በጉም ተሸፈነ። ቀጥሎ የቀኙ። ቀጥሎ የፊቱ...

ከዚያ ከውስጥ በኩል፣ ራሄል የተኛችበትን መስኮት በሚያየው መስታወት ላይ... የመዳፍ ያህል ቦታ ቀስ ተብሎ ተጠረገ።